የኢኒስ ጋሩ አይጠ መጎጥ

ሴፕቴምበር 14

ኔሪስ ዛሬ ከባለጀልባው ከጌቲን ጋር ወደ የብስ ተሻገረች። ለምርመራ ነው። ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል ብሏል ሐኪሙ። ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ልከኛ። ፓፊን የሚባሉት የባሕር ወፎች ጉድጓዶች ባዶ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ወደ ባሕር ከወጡ ቆይቷል። በአሮጌው ግንብ ስንጥቆች ውስጥ ግን ዘግይተው የተፈለፈሉ የፔትረል ጫጩቶች አሁንም አሉ። ወላጆቻቸው ድንቢጥ የሚያካክሉ ጥቁር ወፎች ናቸው፤ በጨለማ ከባሕር እየመጡ ይመግቧቸዋል። አፍንጫዬን ወደ ስንጥቁ ሳስጠጋ የዘይት ሽታ ይሸተኛል። አሉ ማለት ነው።

ኔሪስ ስትሄድ አዘዘችኝ። ቦት ጫማዬን ምድጃው ሥር እንዳላደርቅ፣ ይሰነጠቃል። ሽንኩርት ከሾርባው እየለቀምኩ እንዳልጥል። ጉጉቶቹ ሲመጡ ትፋታቸውን እንድሰበስብላት። ጉጉት ያደነውን ከነአጥንቱ ይውጥና አጥንቱንና ጠጉሩን ጠቅልሎ መልሶ ይተፋዋል። ኔሪስ በብርዱ ወራት ያንን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በመርፌ እየፈታች ጉጉቶቹ ምን እንደበሉ ትመዘግባለች። እዚህ ኢኒስ ጋሩ ደሴት ላይ አብረን በኖርንበት ሠላሳ ዓመት እራቴን የበላሁት ከአጥንት አጠገብ ነው።

"ሳምንት ነው" አለችኝ ጀልባው ላይ ሆና።

"ሳምንት ምን አላት" አልኳት።

ሴፕቴምበር 23

ሳምንቱ አለፈ። ምርመራ ጨመሩላት። እህቷ ቤት ናት።

ሲዋን ከወፎች ጥብቅ ቦታው ቢሮ በሬዲዮ አገኘችኝ። አለቃዬ ናት፤ እኔ እዚህ ሥራ ስጀምር አልተወለደችም።

"አቶ ኤምሊን፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ቤቱ በብርዱ ወራት ይዘጋል። እርስዎም ሞቅ ብሎዎት ከባለቤትዎ ጋር የብስ ላይ ይከርማሉ። እዚያ ካሜራ እንተክላለን።"

"ካሜራው ጠዋት ጠዋት ገደሉ ድረስ ይሄዳል?"

"አይሄድም። ግን ሾርባም አያቃጥልም።"

ሳቀች። እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቅሁ።

ሴፕቴምበር 30

መጥፎ ነገር። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ያለው ሣጥን ውስጥ ያለው ሰም ተግጧል። ሰሙን በየቦታው የምናስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ቸኮላት ቸኮላት ይሸታል፣ አይጠ መጎጥ ካለ ሳይቀምሰው አያልፍም። ሁለት ሰፋፊ የጥርስ ቦይ፣ ጎን ለጎን። ይህ ደሴት አይጥ አያውቅም። ወፎቹ መሬት ላይና ድንጋይ ውስጥ የሚፈለፍሉት ለዚያ ነው። አንዲት እርጉዝ አይጠ መጎጥ ከገባች በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚህ የምንቀረው ጥንቸልና እኔ ነን።

ምልክቱን ለማነጻጸር ሌላ ሰም በራሴ ጥርስ ነከስኩ። የእኔ አይደለም። ቸኮላቱ ሽታ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 2

ጌቲን ሲዋንንና ወጥመዶቹን ይዞ መጣ። ሲዋን ሰሙን በፀሐይ አየችው፣ ፎቶ አነሳችው፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

"በምን ገባ?" አለች።

ጌቲን ባሕሩን አየ። እኔ ቤቱን አየሁ። በኦገስት መጨረሻ ጌቲን ለጣራው የሚሆን ጣውላ አምጥቶ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ሳንፈትሽ፣ በሩንም ሳንዘጋ፣ ሁለታችን እየተሻማን ወደ ውስጥ አስገባነው። ደንቡ አይጥ ቢኖርበት እንዳያመልጥ ማንኛውም ዕቃ በር ተዘግቶ፣ ክፍል ውስጥ እንዲፈታ ነው።

"የፈረንሳዮቹ መርከብ ይሆናል" አለ ጌቲን።

"የትኛው መርከብ?"

"አንድ አይጠፋም።"

ሲዋን ደንቡን ደገመችልኝ። የመጨረሻው ምልክት ከታየ በኋላ ስድስት ሳምንት ያለ ምንም ምልክት እስኪያልፍ ደሴቲቱ ላይ ሰው መኖር አለበት፤ ሣጥኖቹም በየቀኑ ይታያሉ። "ካሜራውስ?" አልኳት። ወጥመዶቹን መቁጠር ጀመረች።

ኦክቶበር 5

ስልክ የሚይዘው ከውኃ ጉድጓዱ ኋላ ባለው ድንጋይ ላይ ስቆም ብቻ ነው። ኔሪስ ስለ አይጡ ስትሰማ፣

"ስም አወጣህለት?"

"ለምን ስም አወጣለታለሁ?"

"ፔንሪ በለው።" ፔንሪ አጎቷ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ለሁለት ቀን ብሎ መጥቶ ክረምቱን ሙሉ ቤታችን ከርሞ የበላ ሰው ነው። "ከምድጃው ጀርባ ፈልገው። እዚያ ነበር የሚተኛው።"

ወጥመዶቹን የት የት እንዳስቀመጥኩ ነገርኳት። የለውዝ ቅቤ እንደሚሻል፣ ግንቡ ዳር እንደሚበዛ፣ ሁሉንም። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ስለ ምርመራው እንዳልጠየቅኋት ትዝ አለኝ። ንፋስ ነበር። ብጠይቅም አትሰማኝም ነበር።

ኦክቶበር 12

ግንቡ ሥር ጭንቅላቱ የተበላ የፔትረል ጫጩት። ለመብረር አራት አምስት ቀን ቢቀረው ነው። ቀበርኩት። ለምን እንደቀበርኩት አላውቅም፣ ቁራዎቹ ይበሉት ነበር።

ሲዋን ትታልኝ የሄደችው የሌሊት ካሜራ ጭራ አነሳ። ጭራ ብቻ።

ኦክቶበር 19

አቆስጣዎቹ፣ እነዚያ ጠጉራም የባሕር እንስሳት፣ ወልደዋል። ዋሻው አፍ ላይ ነጫጭ ግልገሎች ተዘርግተዋል፤ እናቶቹ ውኃው ላይ ሆነው ያጉረመርማሉ። አቆስጣ ግልገሏን ሦስት ሳምንት ያህል ታጠባና ትታው ትሄዳለች። አትመለስም። ግልገሉ ረሃብ እስኪያስነሳው ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ ይቆያል፣ ከዚያ ባሕር ይገባል። እኛ ጣልቃ አንገባም። ሰዎች በየዓመቱ ይጽፉልናል፣ ለምን አትረዷቸውም እያሉ።

ፔንሪ ወጥመዱን ሳይነካ የለውዝ ቅቤውን ልሶታል። እንዴት አድርጎ እንደሆነ አልገባኝም። ማታ ሻይ ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ኔሪስ ብትኖር ይህን ሰዓት አጥንት እየፈታች ነበር።

ኦክቶበር 27

ኔሪስ ደወለች። "ነው" አለች።

መጀመሪያ እብጠቱን በመድኃኒት ያሳንሱታል። ቀዶ ጥገናው ጃንዋሪ 9 ነው።

"ፔንሪ ካልተያዘ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ይያዛል። አይዞህ" አለችኝ።

ዝናብ። ከምሥራቅ የመጡ ወፎች ሜዳውን ሞልተውታል፤ ደክሟቸው እግሬ ሥር ይዘላሉ።

ኖቬምበር 3

ጉጉቶቹ ገቡ። ሁለት ናቸው፣ እነዚያ በቀን የሚያድኑት ቢጫ ዓይኖች። በረግረጉ ላይ ዝቅ ብለው ሲበርሩ ክንፋቸው ድምፅ የለውም። አንደኛው አጥሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ለኔሪስ ደውዬ ነገርኳት። ድምፅዋ ደክሟል። መድኃኒቱ ያስታውካታል።

"ትፋት ትሰበስብልኛለህ አይደል?"

"እሰበስባለሁ።"

"እኔም እዚህ የራሴን እየሰበሰብኩ ነው" አለች። ሳቀች። እንዴት መሳቅ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ።

ኖቬምበር 6

ዘጠነኛው ሣጥን፣ አዲስ የጥርስ ምልክት። በረግረጉ ዳር። ወጥመዶቹን ወደዚያ አዛወርኩ።

ኖቬምበር 16

ምልክት የለም። ጎህ ሲቀድ ገደሉ ላይ ነበርኩ። ጊልሞት የሚባሉት የባሕር ወፎች መጥተዋል። በጁላይ ከሄዱ ጀምሮ መሬት አልረገጡም፤ አሁን መጥተው በየድንጋዩ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ጥቁር ጀርባ፣ ነጭ ሆድ። መፈልፈያቸው ገና ሩቅ ነው። የሚመጡት ቦታቸውን ሌላ እንዳይዝባቸው ነው። ወንዱም ሴቷም ለብቻቸው ሲከርሙ ቆይተው እዚያችው ስንዝር ድንጋይ ላይ ይገናኛሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ይጯጯሃሉ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ገደሉ ባዶ።

ለኔሪስ ነገርኳት።

"ቦታቸውን ለመያዝ ብቻ?" አለች፣ እንደማታውቅ ሆና።

"ለመያዝ ብቻ።"

"ጥሩ ነው። ቢያንስ ይመጣሉ።"

ኖቬምበር 24

ምልክት የለም። ሲዋን ተተኪ ልላክልዎ ወይ አለችኝ። ከሌላ ጥብቅ ቦታ ባልና ሚስት አሉ፣ አይጥ አድነው ያውቃሉ፣ ነገ ቢባሉ ነገ ይመጣሉ።

"ድንጋዮቹን አያውቋቸውም" አልኳት።

"ካርታ አለን፣ አቶ ኤምሊን።"

"ካርታው ላይ አይንሸራተትም።"

"ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ስለ እሷ ማን እንደነገራት አላውቅም። ጌቲን ይሆናል፣ አፉ አያርፍም።

ዲሴምበር 2

ዐውሎ ነፋስ፣ መውጣት አልተቻለም። የጉጉቶቹን ትፋት ጠረጴዛው ላይ አወጣሁና የኔሪስን መርፌ ይዤ መፍታት ጀመርኩ። እሷ በምታደርገው ዓይነት፣ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አራስኩት። የትናንሽ ወፎች አጥንት። የጥንዚዛ ክንፍ። የጥንቸል ግልገል መንጋጋ።

ከረግረጉ ዳር ባነሳሁት ውስጥ አንድ ሌላ የራስ ቅል። ትልቅ ነው። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ ናቸው። ጥንቸል ሊሆን ይችላል። የጥንቸል ጥርስ ግን ነጭ ነው።

በባዶ የሰናፍጭ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩት። ነገ በብርሃን አየዋለሁ።

ዲሴምበር 3

ሣጥኖቹን አየሁ። ምልክት የለም። ፍለጋው ይቀጥላል።

ዲሴምበር 4

ብርሃን አልነበረም። ቆርቆሮውን ከዱቄቱ ኋላ አስቀመጥኩት።

ዲሴምበር 10

ኔሪስ፦ "ፔንሪስ?"

እኔ፦ "አልተያዘም።"

ይህ ውሸት አይደለም። በወጥመድ አልተያዘም።

ዲሴምበር 17

ነገ ስድስቱ ሳምንት ይሞላል። ማለዳ ወጥቼ ሣጥኖቹን ሁሉ አየሁ። የዘጠነኛው ሰም ጠርዝ ላይ ጭረት አለ። ቀጭን ነው። ሣጥኑን ስከፍት ክዳኑ ነክቶት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። "አጠራጣሪ" ብዬ ለቢሮ አሳወቅሁ። ሲዋን የሣጥኑን ቁጥር አስደገመችኝ።

"እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው" አለች። "እንደ አዲስ ይጀመራል።"

"ደንቡ ደንብ ነው" አልኩ።

ከዚያ ዕንጨት ፈለጥኩ። ከሚያስፈልገኝ በላይ ፈለጥኩ።

ዲሴምበር 23

ባሕሩ ለግማሽ ቀን ተኛ፣ ጌቲን መጣ። ከኔሪስ ዘቢብ የበዛበት ዳቦ፣ የሱፍ ካልሲ። ውስጥ አልገባም አለ፤ ጀልባው ላይ እንደቆመ አወራን።

"አየኋት" አለ። "ሱቅ ውስጥ። ራሷን በሻሽ ሸፍናለች።"

"ብርድ ነው።"

"ሱቅ ውስጥ ብርድ የለም፣ ሰውዬ።" ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፣ ከዚያ ተወው። "ይሄ አይጥህ ሚስት አለው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ካለችው እንግዲህ እሱ ከእሷ ጋር ነው።"

"ጣውላውን ያመጣኸው አንተ ነህ" አልኩት።

"እኔ ነኝ። ለሲዋንም ነግሬያታለሁ፣ ባለፈው ሳምንት። አልሞትኩም። ጃንዋሪ 7 ባሕሩ ይተኛል ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ቀን አይሆንም። ያን ቀን እመጣለሁ። ብትኖር ትኖራለህ፣ ባትኖር የራስህ ጉዳይ።"

ካልሲው ልኬ ነው።

ዲሴምበር 25

ጥንቸል ወጥ። ሽንኩርቱን በላሁት። ግልገሎቹ ሁሉ ባሕር ገብተዋል፣ አንድ ብቻ ቀርቷል። ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ።

ዲሴምበር 28

ያም ግልገል ሄዷል።

ጃንዋሪ 4

ማዕበሉ የጀልባ መቆሚያውን ደረጃ ነቀለ። ከጭሱ መውጫ ድምፅ የተነሣ እንቅልፍ የለም። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ኔሪስ ስለ ማዕበሉ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ጊልሞቶቹ። ከዚያ፣

"ጉጉቶቹ አሁንም አሉ?"

"አሉ።"

"ትፋቱን ፈታህልኝ?"

"ፈታሁት።"

"እና?"

"ወፍ ነው።"

"ወፍ ብቻ?"

እሷ በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ያህል የራስ ቅል እንዳየች አውቃለሁ። በረግረጉ ዳር ምን ያህል ጉጉት እንደሚያድንም ታውቃለች። ከኖቬምበር ወዲህ አንድም ግልጽ የጥርስ ምልክት እንዳልታየ ነግሬያታለሁ። ከእኔ የተሻለ መደመር ትችላለች።

"ጥንቸልም አለበት" አልኳት።

"እሺ" አለች። "ብርድ ነው፣ ግባ።"

እሷ ናት ቀድማ የዘጋችው። እሷ ቀድማ ዘግታ አታውቅም።

ጃንዋሪ 6፣ ማታ

ንፋሱ ወደቀ። ሲወድቅ ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል፤ ሰዓቱ ይሰማል። የሰናፍጩን ቆርቆሮ ከዱቄቱ ኋላ አወጣሁት።

ቤቱ በሚመጣው የብርድ ወራት ይዘጋል። ይህን ለኔሪስ ነግሬያታለሁ፤ "በመጨረሻ" ነበር ያለችው፣ ከዚያ የተቆጣሁ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ። አልተቆጣሁም። እዚህ ሆኜ ሳስባት አሁንም ይህ ጠረጴዛ አጠገብ ናት፣ እጇ ላይ መርፌ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ። እዚያ ብሄድ ሻሽ ያሰረች ሴት አልጋ ላይ አገኛለሁ፣ እኔም ኮፍያዬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፣ ምን እንደምላት አላውቅም። እዚህ ግን ሁልጊዜ የምሠራው አለ። ወጥመድ አለ። ሣጥን አለ። ባይሳካ እንኳ ነገ ደግሜ እሞክረዋለሁ።

እንዲህ ብዬ መጻፌን ሳነበው የፔንሪን ያህል የማስጠላ መሰለኝ። እሱ እንኳ የሚበላው ስላጣ ነው።

ቆርቆሮው ቀላል ነው። ሳነቃንቀው ይንኳኳል።

ጃንዋሪ 7

ጎህ ሲቀድ ገደሉ በጊልሞት ሙሉ ነበር። ሁሉም በየቦታው። ብዙ አልቆየሁም።

ሲዋንን በሬዲዮ ቀሰቀስኳት። አይጡ ሞቷል፣ ጉጉት በልቶታል፣ አጥንቱ በእጄ ነው አልኳት። መቼ እንደተገኘ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የዘጠነኛው ሣጥን ጭረትም የክዳኑ እንደነበር ነገርኳት። ምን እንዳለች አልጽፍም፤ እውነቷን ነው። ባልና ሚስቱ በሚቀጥለው ጀልባ መጥተው ሌላ አለመኖሩን እስከ ፀደይ ያያሉ።

"እስከዚያ ሰው አይኖርም ማለት ነው?" አልኳት።

"ጉጉቱ አለ" አለች።

ጌቲን መጣ። ሻንጣዬን ከእጄ ወስዶ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠው። ግማሽ መንገድ ላይ "ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለህ" አለኝ።

ጃንዋሪ 8

ሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ። መስኮቱ የማይከፈት ነው። ኔሪስ ሰማያዊ ሻሽ አድርጋለች፤ ፊቷ አንሷል፣ ዓይኗ ያው ነው። በር ላይ ቆምኩ። ኮፍያዬ እጄ ላይ ነበር።

"መጣህ" አለች።

"ጌቲን ቸኩሎ ነበር።"

ሌላ የምለው ስላጣሁ ቆርቆሮውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩላት። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ የራስ ቅሉን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"ያረጀ ነው" አለች። "ጥርሱ አልቋል። ባትይዘውም ከርሞ ራሱ ይሞት ነበር።" አገላበጠችው። "ውኃው ሞቅ ብሎብሃል፣ አፍንጫው ተሰብሯል። መቼ ፈታኸው?"

"ዲሴምበር ሁለት።"

አጥንቱን መልሳ ቆርቆሮው ውስጥ አስገባችው። ቀስ ብላ።

"ስደውልልህ አልተያዘም አልከኝ።"

"እኔ አልያዝኩትም። ጉጉቱ ነው የያዘው።"

አላሳቃትም።

"እኔ እኮ ከአይጥ ጋር የምሻማህ መስሎኝ ነበር" አለች። "ለካ ከሞተ አይጥ ጋር ነው።"

ኮሪደሩ ላይ ምግብ የሚያድል ጋሪ አለፈ። ቆሞ ነበር፣ ቀጠለ።

"ፈርተህ ነው?"

"አይ፣ እዚያ እኮ ሁልጊዜ ንፋሱ…"

"እዚህ ንፋስ የለም፣ ኤምሊን።"

መስኮቱን አየሁት። እውነቷን ነው።

"አዎ" አልኩ። "ፈርቼ ነው።"

"እኔም" አለች። "ቁጭ በል። ኮፍያህን የሆነ ቦታ ወርውረው።"

ጃንዋሪ 9

ጠዋት ወሰዷት። ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝ፤ ለእኔ ከትንሿ ጣቴ አያልፍም። አልጋው አጠገብ ያለው መሳቢያ ላይ ፔንሪን አውጥታ አስቀምጣዋለች፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙራ።

ነርሷ ልታጸዳ መጥታ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አጎቷ ነው" አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ጨርቋን በዙሪያው አሳልፋ አጸዳችና ተወችው።

"ገና ብዙ ሰዓት ይወስዳል" አለችኝ። "ታች ካፌ አለ፣ ሄደው ይብሉ። ስትወጣ እንጠራዎታለን።"

አይ፣ እዚሁ ወንበሩ ላይ እሆናለሁ አልኳት።